አብሽር ብሎ የሚጀምር ስብከት፦ ከግጻዌው እስከ ዐውደ ምሕረቱ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዐቢይ ጾም ከደሴ ወጣ ወዳለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን እንዳስተምር ተላክሁ። የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ ነበር። ገብሱ ብቅ ብሎ በዚያው ቀርቷል። እኔ ደግሞ ዝናብ ለምን እንደሚከለከል አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማርኩ። ጥቅስ በጥቅስ ላይ ደራረብኩ። ድምፄንም ከፍ አደረግኩ። ስጨርስ ሕዝቡ እንደ ወጉ "ቃለ ሕይወት ያሰማልን" አለ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወረድኩ።

የቅጥሩ በር ላይ አንዲት እናት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ።

"ልጄ፣ ደህና ተናገርክ፤ እድሜ ይስጥህ" አሉኝ። "እኔ እንግዲህ አሁን ቤቴ ስገባ ምን ላድርግ?"

መልስ አልነበረኝም። ያን ሁሉ ጊዜ ተናግሬ እሳቸው ዘንድ የደረሰው "ጥፋቱ የአንቺ ነው" የሚለው ብቻ ነበር። አላጽናናኋቸውም። መንገድም አላሳየኋቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስብከት ሳዘጋጅ እኒያን እናት ፊቴ አስቀምጣቸዋለሁ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ አሠራር ከዚያ ጥያቄ የወጣ ነው።

የምጽፈው በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በስብከተ ወንጌል ክፍል ለምታገለግሉ፣ በተለይ "የፊታችን እሑድ አንተ ታስተምራለህ"፣ "አንቺ ታስተምሪያለሽ" ተብላችሁ ልባችሁ ለሚመታ ወንድሞችና እኅቶች ነው። ግጻዌ (በየዕለቱ በቅዳሴ የሚነበበውን የሚያሳይ መጽሐፍ) በማይጠቀሙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የምታገለግሉም ከመጀመሪያው እርምጃ በስተቀር ሌላው ይሆናችኋል።

በቅድሚያ ስለ አንድ ቃል

ወሎ ውስጥ የከፋው ሰው "አብሽር" ይባላል። ለሴት "አብሽሪ" ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይለዋል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ የምሥራች አለህ፣ ደስ ይበልህ እንደ ማለት ነው። ግእዙ ደግሞ "አብሠረ" ይላል፤ ብሥራት የሚለው ቃል ከዚያ ይወጣል። የሁለቱ ሥር አንድ ነው። ወንጌል ማለትም የምሥራች ነው። ስለዚህ የወሎ ሰው ጎረቤቱን "አብሽር" ሲለው የቅዱስ ገብርኤል ብሥራት ዘመድ የሆነ ቃል ከአፉ ይወጣል። ይህን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ነገር ግን በእኛ አገር አብሽር ያለ ሰው ቃሉን ጥሎ አይሄድም። ይቀመጣል። ቡና ይፈላል። ከዚያ ቀስ ብሎ "በሬህ ከሞተ የእኔን አንዱን ውሰድና ከአያ እገሌ በሬ ጋር አቀናጅተህ እረስ" ይላል። መጀመሪያ ልብ ይመለሳል፤ ቀጥሎ መንገድ ይፈለጋል። ስብከትም በዚህ ቅደም ተከተል ሲሄድ ሰው ይቀበለዋል። ማጽናናቱን ዘለን ምክር ከጀመርን የሚሰማን የለም። አጽናንተን ብቻ ከወረድን ደግሞ ሰዉ በመጣበት ይመለሳል።

አንደኛ፣ ቀኑን ያዙ

ግጻዌውን ክፈቱ። በቅዳሴ የሚነበቡት ምን እንደሆኑ ጻፉ፦ ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሐዋርያት መልእክታት፣ ከግብረ ሐዋርያት፣ ከዚያ ምስባኩ (ከወንጌል በፊት የሚዜመው የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ) እና ወንጌሉ። ብዙ ጀማሪ ሰባኪ ይህን ትቶ ራሱ የወደደውን ርእስ ይዞ ይመጣል። ሕዝቡ ግን እነዚያን ንባባት አሁን ከቅዳሴ ሰምቶ ነው የወጣው። ጆሮው ውስጥ ያለውን ትታችሁ ሌላ ስትጀምሩ ድካሙን በከንቱ አስቀራችሁት ማለት ነው።

ለምሳሌ አንድ ቀን እንውሰድና እስከ መጨረሻው ይዘነው እንሂድ። የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፣ መጻጉዕ። ወንጌሉ ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ነው፤ 38 ዓመት የታመመው ሰው። ምስባኩ "እግዚአብሔር ይረድኦ ውስተ ዐራተ ሕማሙ" ይላል፤ እግዚአብሔር በሕማሙ አልጋ ላይ ሳለ ይረዳዋል ማለት ነው። ከሐዋርያት መልእክታት ያዕቆብ ምዕራፍ 5 ከቁጥር 14 ጀምሮ ይነበባል። ከግብረ ሐዋርያት ደግሞ ምዕራፍ 3፣ በመቅደሱ ደጅ ተቀምጦ የሚለምነው አንካሳ ሰው ታሪክ።

አራቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ስታዩዋቸው ይነጋገራሉ። በምስባኩ አልጋ አለ፤ በወንጌሉም አልጋ አለ። በግብረ ሐዋርያት የወደቀ ሰው ተነሥቶ ይሄዳል፤ በወንጌሉም እንዲሁ። አባቶች እነዚህን አንድ ላይ ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። የስብከታችሁ ግማሽ እዚያው ተሠርቶ ይጠብቃችኋል።

ሁለተኛ፣ ሰሚውን እዩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ነው።

ወረቀት አውጡና ነገ ፊታችሁ የሚቆሙትን ሰዎች ጻፉ። ስማቸውን አትጻፉ፤ ያሉበትን ሁኔታ ጻፉ። ልጇ ዐረብ አገር ሄዳ ወሬዋ የጠፋባት እናት አለች። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤቱን ጥሎ ወጥቶ፣ ሲመለስ ባዶ ግድግዳ ያገኘ ነጋዴ አለ። ዲግሪውን ይዞ ሦስት ዓመት እናቱ ቤት የተቀመጠ ልጅ አለ። ከደላንታ ወይም ከመቄት ከሆነ የበልግ ገብሱን ቀና ብሎ የሚጠብቅ ገበሬ አለ። ከቆቦ ከሆነ ሐሳቡ ማሽላው ላይ ነው። ባቲ ከሆናችሁ እሑድ የምታስተምሩት ሰው ነገ ሰኞ ገበያ ነው፤ ፍየሉ ስንት እንደሚያወጣለት በልቡ እያሰላ ነው የሚሰማችሁ።

ዐቢይ ጾም ደግሞ ወሎ ውስጥ ከበልግ ጋር ይገጥማል። ሰዉ ወደ ሰማይ የሚያየው ለሁለት ነገር ነው። ይህን ሳታውቁ ስለ ዝናብ አንድ ቃል አትናገሩ። በዚህ አገር ስለ ድርቅ ማውራት ቀላል አይደለም። 1966ን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ። በ1977 እናት አባታቸውን ቀብረው ያደጉ ሰዎች ዛሬ ፊታችሁ ቆመዋል። ያንን ዘመን ለስብከት ማጣፈጫ አድርጋችሁ አትጥቀሙበት። ማንሳት ካስፈለገ በአክብሮትና በአጭሩ፣ እነሱ እንደሚያውቁት እናንተ እንደማታውቁት ሆናችሁ አንሱት።

የምትሄዱበትን ቦታ የማታውቁት ከሆነ ቀደም ብላችሁ ለደብሩ አስተዳዳሪ ወይም ለሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ደውሉ። "አባ፣ ሰዉ በዚህ ሰሞን ምን ላይ ነው?" በሉ። ለቅሶ አለ? ጠብ አለ? በረዶ ወርዷል? አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ጥሪ ከትልቅ ስሕተት ያድናችኋል። እኔ ያኔ ደውዬ ቢሆን ኖሮ የእኒያን እናት ጥያቄ አልሰማም ነበር። ደግሞም ያለ አስተዳዳሪው ፈቃድና ቡራኬ ዐውደ ምሕረት (በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስብከት የሚሰጥበት ቦታ) ላይ አይወጣም፤ ስለዚህ ጥሪው የግድ ነው።

ሦስተኛ፣ ንባቡ ውስጥ ቆዩ

ወንጌሉን ሦስት ጊዜ አንብቡ። አንዴ ዝም ብላችሁ እንደ ታሪክ። አንዴ ድምፅ እያወጣችሁ። ሦስተኛውን ደግሞ ያቺን ልጇ የጠፋባትን እናት ሆናችሁ፣ በእሷ ጆሮ።

ዮሐንስ 5ን በሦስተኛው መንገድ ሳነብ ቆም ያደረገኝ ቁጥር 7 ነው። ጌታ "ልትድን ትወዳለህን?" ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው አዎ አላለም፤ እንቢም አላለም። "ሰው የለኝም" አለ። ይህን ቃል ወሎ ውስጥ በየቀኑ እንሰማዋለን። ቀበሌ ጉዳይ ያልሄደለት ይለዋል። ሆስፒታል ወረፋ ላይ ያለ ይለዋል። ያረጀችና ልጆቿ የተበተኑባት እናት ትለዋለች። ሰው የለኝም።

ከዚያ ዙሪያውን አንብቡ። በቤተ ሳይዳ አምስት መመላለሻ ነበረ፤ በዚያ ብዙ ድውያን ተኝተው የውኃውን መናወጥ ይጠብቁ ነበር። ጠበል ቦታ ያደረ የወሎ ሰው ይህን ለማየት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ወረፋውንም፣ ደካማው ወደ ኋላ እንዴት እንደሚቀር፣ ጉልበት ያለው እንዴት እንደሚቀድም ያውቃል። "እናንተ ጠበል ቦታ አድራችሁ ታውቁ የለም?" ካላችሁ በቂ ነው።

ወደ ፊትም አንብቡ። ሰውዬው አልጋውን ተሸክሞ ሄደ። ጌታ በኋላ በመቅደስ አገኘውና ነው "ወደ ፊት ኃጢአት አትሥራ" ያለው፤ ቁጥር 14 ላይ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ጠየቀው። ቀጥሎ አነሣው። ተግሣጹ የመጣው ሰውዬው በእግሩ ከቆመ በኋላ ነው። ተግሣጹ አልቀረም፤ ቦታውን ግን ጠበቀ። እኔ ያን ቀን ይህንን ገልብጬ ከመጨረሻው ነበር የጀመርኩት።

አሁን የኔታ ዘንድ ሂዱ። አንድምታ (የቤተ ክርስቲያንን የመጻሕፍት ትርጓሜ) የሚያውቁ አባት በአቅራቢያችሁ ካሉ ተቀምጣችሁ ጠይቁ። "አንድም... አንድም" እያሉ ሲያወርዱት እናንተ በሦስት ንባብ ያላያችሁትን ያሳዩአችኋል፤ ከሃይማኖት የወጣ ትርጕም ይዛችሁ ከመውጣትም ይጠብቋችኋል። ይህ በእኛ አገር የቆየ ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ሲያስተምሩ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንኳ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። ዩቲዩብ ላይ የሰማችሁትን ስብከት መገልበጥ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ሌላው ሰባኪ ያየው የራሱን ሰሚ ነው፤ የእናንተን አላየም።

አራተኛ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር

ይህን አሳጥሬ ልለፈው፤ ሥራው ግን ከባድ ነው። ስብከታችሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ለመጻጉዕ እሑድ የእኔ ይህ ነው፦ "ሰው የለኝም ላለው ሰው ጌታ ራሱ ሰው ሆኖ መጣለት፤ ስለዚህ እኛም ሰው ለሌለው ሰው እንሁን።"

የመጀመሪያው ግማሽ አብሽር ነው። ሁለተኛው መንገድ ነው። በዚህ ዐረፍተ ነገር ሥር የማይገባ ጥቅስ፣ የማይገባ ታሪክ፣ ምንም ቢያምር ይውጣ። ለሌላ እሑድ ይቆያችሁ።

አምስተኛ፣ ከአብሽር ጀምሩ

በስመ ሥላሴ ከከፈታችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የማጽናናት ይሁኑ። ማጽናናት ማለት ግን "አይዟችሁ፣ ሁሉም ያልፋል" ማለት አይደለም። ልጇ የጠፋባት እናት "ያልፋል" ስትባል ልጄን ያልፍብኛል ልትል ትችላለች። ማጽናናት ሰውዬው ያለበትን በስሙ ጠርቶ፣ እግዚአብሔር እዚያ ድረስ እንደሚመጣ ማሳየት ነው።

እንዲህ ልትሉ ትችላላችሁ፦ "ወገኖቼ፣ ይህ ሰው 38 ዓመት ተኝቷል። ከመካከላችሁ 38 ዓመት የሞላው ሰው ዕድሜውን ያስብ። ከተወለደ እስከ ዛሬ ማለት ነው። ጌታ በዚያ ሁሉ ሕመምተኛ መካከል አልፎ ወደ እሱ ሄደ። ማንም አልጠራውም። ሰው የሌለው ሰው ማን ይጠራለታል? እሱ ራሱ አይቶት ሄደ።"

ዐረፍተ ነገሮቹ አጭር መሆናቸውን እዩ። ዐውደ ምሕረት ላይ ሰው ቆሞ ነው የሚሰማው። ከሌሊት ጀምሮ ቆሟል። አልበላም። ሕፃን ያዘለች አለች። ረጅም ዐረፍተ ነገር መሐል ላይ ይጠፋበታል።

በዚሁ ክፍል የያዕቆብን ንባብ ማስገባት ይቻላል። ቁጥር 17 ላይ "ኤልያስ እንደ እኛ የሆነ ሰው ነበረ" ይላል፤ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ዝናብ ያልዘነበበትን ዘመን ያነሣል። ድርቅ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ስም ሲሰማ ጆሮውን ያቀናል። ከዚያ ወደ 1ኛ ነገሥት 19 ውሰዱት። ያ ትልቅ ነቢይ ደክሞት፣ ፈርቶ፣ ምድረ በዳ ውስጥ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀመጠና "ይበቃኛል" አለ።

ክትክታን ማን የማያውቅ አለ? በየተረተሩ የሚበቅል፣ ለማገዶና ለአጥር የሚቆረጥ ቁጥቋጦ ነው። ጥላው ሰው አይሸፍንም። ኤልያስ ያገኘው ጥላ ያ ብቻ ነበር። መልአኩ ሲመጣ አልገሠጸውም። የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት። በላ፤ ጠጣ፤ ተኛ። ደግሞ ቀሰቀሰው፦ "የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ።" "በዚህ ምን ታደርጋለህ?" የሚለው ጥያቄ የመጣው በልቶ፣ አርባ ቀን ተጉዞ፣ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚያም ሥራ ተሰጠው። ብቻዬን ቀረሁ ሲል ደግሞ 7,000 ሰው እንዳለ ተነገረው።

እንጀራው ቀደመ፤ ጥያቄው ተከተለ፤ ሥራው መጨረሻ ላይ መጣ። በዮሐንስ 5 ያየነው ቅደም ተከተል ነው። ሁለቱን ስታገናኙ ሕዝቡ ራሱ ያየዋል፤ እናንተ ብዙ ማብራራት የለባችሁም።

ስድስተኛ፣ ለቤት የሚሆን ስንቅ ስጡ

እኒያ እናት የጠየቁኝ ይህንን ነው። ቤቴ ስገባ ምን ላድርግ?

"ፍቅር ይኑረን"፣ "ንስሐ እንግባ"፣ "እንጸልይ" ማለት እውነት ነው፤ ግን ሰዉ ከቅጥሩ ሳይወጣ ይተንናል። ስንቅ ሲሆን ሦስት ነገር ሊኖረው ይገባል። ማን እንደሚያደርገው ይታወቅ። መቼ እንደሚደረግ ይታወቅ። ድሃውም ደካማውም የሚችለው ይሁን።

ለመጻጉዕ እሑድ እኔ እንዲህ እላለሁ፦ "እስከ ረቡዕ ድረስ፣ በሠፈራችሁ ሰው የለኝም የምትል አንዲት ሰው አስቡ። ሂዱና ደጇን አንኳኩ። ባዶ እጃችሁን ብትሄዱም ግድ የለም። ቁጭ በሉና አዳምጧት። ጤና ጣቢያ የሚወስዳት ካጣች አንድ ቀን ውሰዷት።" ባዶ እጅ መሄድን ሆን ብዬ ነው የምናገረው። የወሎ ሰው ባዶ እጁን ሰው ቤት መግባት ያፍራል፤ የሚይዘው ሲያጣ መሄዱን ይተዋል። ጴጥሮስ በግብረ ሐዋርያት 3 "ብርና ወርቅ የለኝም" ብሎ መጀመሩን በዚህ ጊዜ አንሱ። የዕለቱ ንባብ ነው፤ ሕዝቡ ሰምቶታል።

ምርኩዝ የያዙ እናት ግን ዳገት ወጥተው ሰው አይጠይቁም። ለእሳቸውም ስንቅ ያስፈልጋል። ያዕቆብ 5፥16 አንዱ ስለ ሌላው እንዲጸልይ ይናገራል። "እማማ፣ ዛሬ ማታ ሲጸልዩ የአንድ ጎረቤትዎን ስም ጠርተው ይጸልዩ፤ ነገ ሲያገኟት ስምሽን ጠርቼ ነበር ይበሏት።" ይህ ለሰማንያ ዓመት አዛውንትም ይቻላል። ያን ጊዜ ይህን ባውቅ ኖሮ በሩ ላይ ዝም አልልም ነበር።

ተግሣጽ ካለ ቦታው እዚህ ነው፣ ከስንቁ አጠገብ። ሰው የሌለውን ሰው ወረፋ የምንቀድመው እኛ ስለሆንን ንስሐ እንግባ ማለት ይቻላል። ልቡ የተመለሰ ሰው ተግሣጽን ይሸከማል። ስትገሥጹ "እናንተ" አትበሉ፤ "እኛ" በሉ።

ሰባተኛ፣ ስለ ምሳሌና ታሪክ

ምሳሌውን ከአካባቢው ውሰዱ። ደቦ፣ ቅሬ (እድር)፣ ቡና፣ የሐይቅ ውኃ፣ የጦሳ ንፋስ፣ ግሸን ለመስከረም 21 የሚወጣ ሰው አቀበቱ ላይ የማያውቀውን ሰው እጅ ይዞ ሲያወጣ። ይህ የመጨረሻው "ሰው የለኝም" ለሚለው ስብከት ከየትኛውም የውጭ አገር ታሪክ ይበልጣል። ግሸን የወጣ ሁሉ አንዴ እጁን የያዘለት ሰው አለ።

አንዳንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ሰው በምስጢር የነገራችሁን፣ ስሙን ደብቃችሁም ቢሆን አትናገሩ። በትንሽ ከተማ ስም መደበቅ አይቻልም፤ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ሁሉም ያውቀዋል። ያላያችሁትን ተአምር እንዳያችሁ አድርጋችሁ አትናገሩ። ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን "አንድ ሀብታም ነበረ" የሚል ታሪክ እውነት እንደሆነ አታቅርቡ። ፊት ለፊት የቆመውን ሰው በዓይናችሁ እየጠቆማችሁ አታስተምሩ።

ስምንተኛ፣ ሙስሊሙ ጎረቤት እየሰማ ነው

ሌላ አገር ሆኜ ብጽፍ ይህን ክፍል ላልጽፈው እችል ነበር። ወሎ ላይ ግን ግድ ነው። የአንዱ ስም የክርስቲያን፣ የአባቱ ስም የሙስሊም ነው። እናቱ ቤተ ክርስቲያን ስትስም አጎቱ መስጊድ ይሰግዳል። ሞንታርቦው ደግሞ ሠፈሩን ሁሉ ያዳርሳል። የምትናገሩት ነገር ምሳ ሰዓት ላይ በአንድ ትሪ ዙሪያ ይወራል።

ስለዚህ ክርስቶስን በሙሉ ልብ ስበኩ፤ እምነታችሁን አታለዝቡ። ግን የሌላውን እምነት በማንጓጠጥ የራሳችሁን ከፍ ልታደርጉ አትሞክሩ። እዚያ የቆመው ልጅ የአጎቱ ስም ሲነካ ወንጌሉን መስማት ያቆማል።

ይህ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ቀብር ላይ ነው። ሌላ ቦታ እድር የሚባለው እኛ ዘንድ ቅሬ ነው፤ በብዙ ሠፈር ሁለቱም እምነት በአንድ ቅሬ ውስጥ አለ። ሙስሊሙ ጎረቤት መቃብሩን ቆፍሮ፣ አስከሬኑን ተሸክሞ፣ ግቢው ውስጥ ወይም ዳር ላይ ቆሞ ይሰማል። በቀብር ላይ ስታስተምሩ ከሰባት ደቂቃ አትለፉ። የሟቹ ነፍስ የት እንደገባች አትፍረዱ። በሕይወት ሳለ ቤተ ክርስቲያን አይመጣም ነበር አትበሉ፤ ያን የምትሰማው ሚስቱ ናት። ትንሣኤን ተናገሩ። ለቀባሪው ሁሉ፣ ለሙስሊሙም ጭምር፣ ስለ ድካሙ አመስግኑ። ስንቁም አጭር ይሁን፦ "ከአርባው በኋላ ሰዉ ሲበተን፣ አንድ ሰው ወደዚህ ቤት ይመለስ።"

ዘጠነኛ፣ ሳምንቱን መከፋፈልና መለማመድ

ሰኞና ማክሰኞ አንብቡ። ረቡዕ የኔታን ጠይቁና አንዷን ዐረፍተ ነገር ያዙ። ሐሙስና ዓርብ ጻፉ። ቅዳሜ በቃል ተናገሩት። ሰባኪ ያለ ጸሎት አይወጣም፤ ይህን የምታውቁት ነው፣ አልመክራችሁም።

ሙሉውን መጻፍ ጥሩ ነው፤ ይዞ መውጣት ግን አይጠቅምም። በግማሽ ወረቀት ላይ አምስት መስመር ይዛችሁ ውጡ፦ ዐረፍተ ነገሯን፣ ጥቅሶቹን በምዕራፍና ቁጥር፣ አንዱን ታሪክ፣ ስንቁን፣ መዝጊያውን። ከስልክ ማንበብ አልወድም። ማስታወሻው መካከል ጥሪ ሲመጣ ሐሳቡም ሰሚውም ይበተናል።

ርዝመቱ ከቅዳሴ በኋላ 20 ደቂቃ ይበቃል። በማታ ጉባኤ 40 ድረስ መሄድ ይቻላል፤ ግን የደሴን ብርድ አስቡ፣ ጋቢ የሌለውም አለ። ትልቅ ንግሥ ላይ ታቦት ቆሞ ስታስተምሩ ደግሞ 15 አይለፍ።

ቅዳሜ ማታ ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ለእናታችሁ ወይም ለባለቤታችሁ ተናገሩት። ስትጨርሱ "እንዴት ነው?" አትበሉ፤ "ጥሩ ነው" ይሏችኋልና። "ምን አልኩ?" ብላችሁ ጠይቁ። ዐረፍተ ነገሯን በራሳቸው አፍ ከመለሱላችሁ ተሳክቷል። ኤልያስን ብቻ አስታውሰው መጻጉዕን ከረሱ ታሪኩ ረዝሟል፤ አሳጥሩት።

አሥረኛ፣ መዝጊያውና ከዚያ በኋላ

ስትጨርሱ ጨርሱ። "በመጨረሻም" ብላችሁ ሌላ አሥር ደቂቃ አትጀምሩ። ስንቁን አንድ ጊዜ ድገሙት፣ ምስባኩን በአማርኛ በሉት፣ ወደ ጸሎት ግቡ። ሕዝቡ "ቃለ ሕይወት ያሰማልን" ይላል። ይህ ምርቃት ነው፤ ምስክር ወረቀት አይደለም። እኔንም ያን ቀን እንዲሁ ብሎ መርቆኛል።

ከዚያ ቶሎ አትሂዱ። ምሳ ቢጠሯችሁም ትንሽ ቆዩ። የቅጥሩ በር አካባቢ፣ ዛፍ ሥር፣ ሰዉ በሚወጣበት ቁሙ። ሊጠይቅ የሚፈልግ ሰው ማይክ አጠገብ አይመጣም፤ በሩ ላይ ነው የሚጠብቃችሁ። አዳምጡት። የማትመልሱትን "አላውቅም፤ የኔታን ጠይቄ እመለሳለሁ" በሉና በእርግጥ ተመለሱ።

ቤት ስትገቡ ደብተር ላይ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ቀኑን፣ እና በሩ ላይ የተጠየቃችሁትን ጥያቄ በጠያቂው ቃል። የእኔ ደብተር የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ቀለሙ ደብዝዟል፤ "አሁን ቤቴ ስገባ ምን ላድርግ?" ይላል። በሚቀጥለው መጋቢት መጻጉዕ ሲደርስ ወደዚያች የገጠር ቤተ ክርስቲያን እንድሄድ አስተዳዳሪውን ጠይቄ ፈቅደውልኛል።